ቆሞ የማይጠብቅ ውኃ፤ ወራጅ ፈሳሽን በኤሌክትሪክ የማሞቅ ታሪክ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተቃረበ ጊዜ፣ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች ለኤግዚቢሽኑ አንድ መሣሪያ ሠርተን እንድናቀርብ ታዘዝን። በኮምጣጤና በሶዳ የሚገነፍለው እሳተ ገሞራ በየዓመቱ ስለሚቀርብ እንኳን ተመልካቹን እኛን ራሳችንን ሰልችቶናል። ስለዚህ ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ ከቧንቧ ቀዝቅዞ ገብቶ በመንገዱ ላይ በኤሌክትሪክ እየሞቀ የሚወጣ ውኃ ለማሳየት ተስማማን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ይኽማ ምን ሥራ አለው? ሽቦ አግሎ ውኃ ውስጥ መክተት አይደለምን?» ብለው ነበር። መምህራችን ግን ፈገግ ብለው «እንግዲያውስ ሠርታችሁ አሳዩኝ» አሉን። ሁለት ጊዜ ሠርተን ሁለት ጊዜ ካፈረስን በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። እዚያም ቀላል የመሰለን ነገር የብዙ ሊቃውንትን ድካም የጠየቀ፣ እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል ድረስ የሚዘልቅ ታሪክ ያለው ሆኖ አገኘነው። ከዚህ ቀጥሎ ያገኘነውን እንጽፋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በድስት ውስጥ ያለ ውኃ ታጋሽ ነው። እሳቱ ቢደክም ቆይቶ ይሞቃል፤ እሳቱ ቢበረታ ቶሎ ይሞቃል፤ በቃው ሲባል ማውረድ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ወራጅ ውኃ ግን ቆሞ አይጠብቅም። በማሞቂያው ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሴኮንድ ያህል ስለሆነ፣ የሚያስፈልገውን ሙቀት በዚያችው ጊዜ ውስጥ ማግኘት አለበት። ሒሳቡ በቃል ሲነገር እንዲህ ነው። አንድ ግራም ውኃ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.19 ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ በየሴኮንዱ የሚያልፈውን የውኃ ግራም በሚፈለገው የዲግሪ ጭማሪ አባዝተን፣ እንደ ገና በ4.19 ብናባዛው የሚያስፈልገውን ኃይል በዋት እናገኛለን። በደቂቃ 3 ሊትር የሚያወርድ የገላ መታጠቢያ ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 41 ዲግሪ ለማድረስ 5,450 ዋት ያህል ይጠይቃል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 60 ዋት የሆኑ 90 ያህል አምፖሎች ባንድነት የሚበሉት ኃይል ነው። የአዲስ አበባ ፍል ውኃ ከምድር ሆድ ሞቆ ስለሚወጣ ይኽን ሁሉ ሒሳብ አይጠይቅም፤ እኛ ግን እንጠየቃለን። አሁን ደግሞ ኃይሉ ሳይቀነስ የውኃው አወራረድ በግማሽ ቀነሰ እንበል። ጭማሪው ከ26 ወደ 52 ዲግሪ ከፍ ይልና የሚወጣው ውኃ 67 ዲግሪ ይሆናል። ይኽ ገላ የሚያጥብ ሳይሆን ቆዳ የሚልጥ ውኃ ነው። የታሪኩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀቱና አወራረዱ አብረው መሄድ አለባቸው።

ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው እንደሚሞቅ ቀድሞም የታወቀ ነበር። ምን ያህል እንደሚሞቅ ግን በሕግ ወስኖ የተናገረው ጄምስ ፕሬስኮት ጁል ነው። ጁል በ1818 እንግሊዝ አገር ሳልፎርድ በተባለ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቢራ ጠማቂ ነበሩ፤ እሱም ከታመመ ሰውነቱ የተነሣ በቤት ውስጥ ሲማር፣ ከመምህሮቹ አንዱ ስለ አቶም ትምህርት ስሙ የተጠራው ጆን ዳልተን ነበር። ጁል ሽቦ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ላይ ጠምጥሞ፣ ውኃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ነክሮ፣ ከባትሪ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ዥረት እያሳለፈ የውኃውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለካ። በ1840 መጨረሻ ላይ ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው፣ በ1841 ደግሞ በሙሉ ባሳተመው ጽሑፍ ያገኘውን አስታወቀ። በሽቦ ውስጥ የሚወለደው ሙቀት በሽቦው የመቃወም ኃይል ልክ ይጨምራል፤ በዥረቱ ግን የሚጨምረው በዥረቱ ካሬ ነው። ዥረቱ እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ፣ ዥረቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ጁል ገና ሃያ ሁለት ዓመት ነበር። ይኽን ስናነብ ከመካከላችን ዕድሜውን ከራሱ ዕድሜ ጋር ያላስተያየ አልነበረም።

በአገራችን «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ይባላል፤ ከንቱ ድካም ማለት ነው። ጁል ግን ውኃ በመውቀጥ ነው ዝናውን ያገኘው። በውኃ ውስጥ የሚዞር መቅዘፊያ ሠርቶ፣ መቅዘፊያውን ቀስ እያለ በሚወርድ ክብደት እያዞረ፣ ውኃው ከመወቀጡ የተነሣ ስንት እንደሚሞቅ ለካ። አንድ ፓውንድ ውኃ በ1 ዲግሪ ፋራናይት ለማሞቅ፣ አንድ ፓውንድ ክብደት 772 ጫማ ወደ ታች መውረድ እንደሚገባው በ1850 ባወጣው ጽሑፍ ገለጸ። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 778 ነው፤ በእጅ መሣሪያ ከአንድ በመቶ ባነሰ ስሕተት ማግኘቱ ያስደንቃል። ከዚህ ሐሳብ የተነሣም የፏፏቴ ውኃ ከላዩ ይልቅ ከታቹ መሞቅ አለበት። ዊልያም ቶምሰን ከብዙ ዓመት በኋላ እንደ ተረከው፣ በ1847 በአልፕስ ተራራ አጠገብ ጁልን ከአዲስ ሙሽራው ጋር በጫጉላ ጉዞ ላይ ሳለ፣ በእጁ ረዥም ቴርሞሜትር ይዞ አግኝቶታል። ሁለቱም የአንድ ፏፏቴ ሙቀት ሊለኩ ሞክረው፣ ውኃው መሬት ሳይደርስ ወደ ጢስ መሰል ፍንጣቂ ስለ ተበተነ ሳይሆንላቸው ቀረ። ሙሽራዪቱ ምን እንዳለች ታሪክ አልጻፈልንም።

እንግዲህ ጁል በኤሌክትሪክ ያሞቀው የቆመ ውኃ ነበር። በቆመ ውኃ መለካት ደግሞ ችግር አለበት። ውኃው ሲሞቅ ዕቃውም አብሮ ስለሚሞቅ የዕቃው ድርሻ መቀነስ አለበት፤ ቴርሞሜትሩ ከውኃው ኋላ ይዘገያል፤ ወደ አየር የሚያመልጠውም ሙቀት በየደቂቃው ይለዋወጣል። ይኽን ችግር ውኃውን እንዲፈስ በማድረግ የፈቱት ሂው ካለንደርና ሐዋርድ ባርንስ ናቸው። ካለንደር እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ሙቀትን በፕላቲኒየም ሽቦ የመቃወም ኃይል አማካይነት እጅግ አጣርቶ የሚለካ ቴርሞሜትር አዘጋጅቶ የታወቀ ነበር። በ1893 ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል በሚገኘው በማጊል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ። ሥራውን በዚያ ጀምሮ በ1898 ወደ ለንደን ሲመለስ፣ ተማሪው የነበረው ባርንስ ከፍጻሜ አደረሰው፤ ውጤቱም በ1902 ታተመ።

መሣሪያቸው ቀጭን የመስተዋት ቱቦ ነው። በቱቦው መካከል ሽቦ ይዘረጋል፤ ውኃው በአንድ ወገን ገብቶ ሽቦውን እያጠበ በሌላው ይወጣል። በመግቢያውና በመውጫው ላይ የፕላቲኒየም ቴርሞሜትሮች አሉ። ሙቀት እንዳያመልጥም ቱቦው አየሩ በወጣለት ሌላ መስተዋት ተሸፍኗል። ውኃውም ዥረቱም ሳይለዋወጡ ለብዙ ጊዜ ከቆዩ፣ በየነጥቡ ያለው ሙቀት ባለበት ይጸናል። ዕቃው አንዴ ከሞቀ በኋላ ምንም ተጨማሪ ሙቀት አይወስድምና ከሒሳቡ ይወጣል፤ ቴርሞሜትሩም ቢዘገይ አይጎዳም፤ የሚከተለው ነገር አይሮጥበትምና። የቀረው ወደ ውጭ የሚያመልጠው ጥቂት ሙቀት ነው። እሱንም ያስወገዱበት ብልኃት እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ነው። ለምሳሌ በሴኮንድ 1 ግራም ውኃ በ10 ዲግሪ ለማሞቅ 45 ዋት ፈጀ እንበል። ቀጥሎ ውኃውን ወደ ግማሽ ግራም አሳንሰው፣ ዥረቱንም ጭማሪው ያው 10 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ቀንሰው ቢለኩ 24 ዋት ሆነ እንበል። በሁለቱም ጊዜ የቱቦው ሙቀት አንድ ስለሆነ ያመለጠውም ሙቀት አንድ ነው። 24ን ከ45 ስንቀንስ ያመለጠው ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፤ የቀረው 21 ዋት ለግማሽ ግራምና ለ10 ዲግሪ ብቻ የዋለ ነው፤ ለአንድ ግራምና ለአንድ ዲግሪ ሲካፈል 4.2 ይመጣል። የማያውቁትን ነገር ሳያውቁት አስወገዱት ማለት ነው። በዚህ መንገድ ባርንስ የውኃ ሙቀት የመያዝ ችሎታ በሁሉም ዲግሪ አንድ እንዳልሆነ፣ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ መካከል ትንሹን መጠን እንደሚይዝ አሳየ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ስለማይሞላ በቆመ ውኃ እሱን ማየት ብርቱ ችግር ነበር።

የእኛ መሣሪያ የዚህ ደሀ ዘመድ ነው። ክንድ የማይሞላ የመስተዋት ቱቦ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተፈታ ሽቦ፣ ሁለት ቡሽ፣ ሁለት ቴርሞሜትርና ባለ 12 ቮልት ምንጭ ነው። መምህራችን ከ12 ቮልት በላይ ፈጽሞ እንዳንነካ አስጠንቅቀውናል፤ ራቁቱን የሆነ ሽቦ በውኃ ውስጥ ነውና። 4 አምፔር ስናሳልፍበት 48 ዋት ይሆናል፤ በሴኮንድ 1 ግራም ውኃ ሲያልፍ ደግሞ 11 ዲግሪ ያህል መጨመር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉ ነገር በሰላም ሲሄድ ከእኛ አንዱ ባልዲው ሞልቶ ሊፈስ ነው ብሎ ማብሪያና ማጥፊያውን ሳይነካ የቧንቧውን መክፈቻ ዘጋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረው ውኃ ፈላ፤ እንፋሎቱም ቡሹን አስፈንጥሮ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አደጋው ከባሕር ዳርቻ አገር ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ማንም አልተጎዳም፤ ደብተር ግን ረጥቧል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ የአየር አረፋ ከሽቦው ላይ ተጣብቆ ቆየና በዚያች ቦታ ሽቦው ቀላ፤ ወዲያው ተበጠሰ። ውኃ ሽቦውን ሲያጥበው ሽቦው ከውኃው ብዙ አይበልጥም፤ አየር ሲነካው ግን ሙቀቱን የሚቀበለው ስለሌለ ራሱን ይበላል።

ይኽ በእኛ ላይ የደረሰው ነገር በፋብሪካ ሰዎችም ላይ ሳይደርስ አልቀረም፤ ምክንያቱም ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ የሽቦና የመሸፈኛ ታሪክ ነው። ፕላቲኒየም ለሊቃውንት እንጂ ለወጥ ቤት ዋጋው አይቀመስም፤ ብረት ደግሞ ሲግል ዝጎ ይረግፋል። አልበርት ማርሽ የተባለ አሜሪካዊ ኒኬልን ከክሮሚየም ጋር አቅልጦ ባገኘው ቅይጥ በ1906 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ይኽ ቅይጥ ሲግል ላዩ ቀጭን የክሮሚየም ኦክሳይድ ልባስ ያበጃል፤ ልባሱም የውስጡን ከአየር ይጠብቃል። የምድጃችን ሽቦ የዚህ ዘር ነው። በ1920ዎቹ ደግሞ ሽቦው በብረት ቱቦ መካከል ተዘርግቶ ዙሪያው በማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት እየተጠቀጠቀ መሠራት ጀመረ። ይኽ ዱቄት ሙቀትን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሪክን ግን አያሳልፍም፤ ከዚያ ወዲህ ውኃውና ዥረቱ ሳይነካኩ ሙቀት መቀባበል ቻሉ። ዛሬ በየቤቱ ያለው የውኃ ማሞቂያ በርሚል ልቡ ይኸው ነው። ወራጁን ውኃ በመንገዱ ላይ የሚያሞቀው ትንሹ የሻወር ማሞቂያም ውኃው ሲገፋው ብቻ ዥረቱን የሚያገናኝ፣ ውኃው ሲቆም የሚለያይ ማብሪያ በውስጡ አለው። እኛ ቡሽ ካስፈነጠርን በኋላ ያሰብነው ብልኃት ከእኛ በፊት ተሠርቶ ቆየን።

እስካሁን የተነገረው ስለ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ጥቂት ቢበዛበት ይቅር ይላል። ይቅር የማይል ፈሳሽ በሰው ሥር ውስጥ የሚሄደው ደም ነው። ደም ከሰው ወደ ሰው ያለ ብዙ አደጋ መስጠት የተቻለው ካርል ላንድሽታይነር በ1901 የደም ዐይነቶችን ከለየ በኋላ ነው። በ1937 በቺካጎ በአንድ ሆስፒታል በርናርድ ፋንተስ የተባሉ ሐኪም ደም የሚከማችበትን ክፍል አቋቁመው «የደም ባንክ» ብለው ሰየሙት። ደም እንዳይበላሽ የሚቀመጠው በ4 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ ነው። አንድ ጠርሙስ ቀስ ብሎ ሲሰጥ ሰውነት በመንገዱ ያሞቀዋል። ነገር ግን ቀዶ ሕክምናው እየከበደ፣ ለአንድ በሽተኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብዙ ሊትር ደም መስጠት ሲያስፈልግ፣ የበሽተኞች ልብ በድንገት ቀጥ ማለት ጀመረ። ምክንያቱ ከደሙ ማጣት ነው? ከደም ማቆያው መድኃኒት ነው? ወይስ ከበሽታው? እንዲህ እየተባለ ይከራከሩበት ነበር።

በኒው ዮርክ የሚሠሩ ፖል ቦያንና ዊልያም ሐውላንድ የተባሉ የማደንዘዣ ሐኪሞች ጥፋቱ የብርዱ እንደሆነ ጠረጠሩ። ደሙ ወደ በሽተኛው ከመድረሱ በፊት በሞቀ ውኃ ውስጥ በተነከረ ጥምዝምዝ የፕላስቲክ ቱቦ እንዲያልፍ አደረጉ። ውጤቱን በ1963 አሳተሙ። 3 ሊትርና ከዚያ በላይ ደም፣ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ በሆነ ፍጥነት ከተቀበሉት በሽተኞች መካከል፣ ቀዝቃዛ ደም ከተሰጣቸው 36 ሰዎች የ21ዱ ልብ ቆሞ ነበር፤ የሞቀ ደም ከተሰጣቸው 118 ሰዎች ግን የ8ቱ ብቻ ነው። በመቶኛ ሲሰላ 58ና 7 ያህል ይሆናል። እርግጥ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ በዕጣ የተከፈሉ አልነበሩም፤ ቀዝቃዛው ደም የተሰጠው በፊተኛው ጊዜ ነው። ስለዚህ በመካከሉ የተሻሻለ ሌላ ነገር እንዳለ ለመጠርጠር ይቻላል። ቢሆንም ልዩነቱ ይኽን ያህል ሲሰፋ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል ሐኪም የለም።

እኛ ይኽን ባነበብን ጊዜ የመታጠቢያ ውኃውን ሒሳብ ለደሙ ደገምነው። በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ደም 53 ግራም ያህል ይመዝናል። ደም ከውኃ ጥቂት ያነሰ፣ በግራምና በዲግሪ 3.6 ጁል ያህል ይጠይቃል። ከ4 ወደ 37 ዲግሪ ለማድረስ 33 ዲግሪ ነው። ሁሉንም አባዝተን በ60 ሴኮንድ ስናካፍለው 105 ዋት ያህል መጣ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ከአንድ ትልቅ አምፖል አይበልጥም። ነገር ግን በዕረፍት ላይ ያለ ሰው ሰውነቱ በሙሉ የሚያመነጨው ሙቀት ከ80 እስከ 100 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ተኝቶ፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ በማደንዘዣ ደንዝዞ ያለው በሽተኛ ያለውን ሙቀት ሁሉ ቢሰጥ እንኳ የሚገባበትን ደም አያሞቅም ማለት ነው። ያም ቀዝቃዛ ደም በመጀመሪያ የሚደርሰው ወደ ልቡ ነው። ይኽን ካሰላን በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እንግዲያውስ 105 ዋት የሚሰጥ ሽቦ በደሙ ቱቦ ላይ ጠምጥሞ መገላገል ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ከእኛም አንዱ ብሎታል። ሐኪሙ ግን ደሙን አንድ ጊዜ ያፈጥነዋል፣ አንድ ጊዜ ያዘገየዋል፣ ጠርሙስ ሲለውጥም ጨርሶ ያቆመዋል። በ105 ዋት ላይ አወራረዱ ወደ 25 ሚሊ ሊትር ቢቀንስ ጭማሪው 66 ዲግሪ ይሆንና ደሙ 70 ዲግሪ ይደርሳል። ደም ግን ከ42 ዲግሪ እንዲያልፍ አይፈቀድም፤ ከዚያ በላይ እየሞቀ ሲሄድ ቀይ ሕዋሳቱ እየፈነዱ መድኃኒትነቱ ወደ መርዝ ይለወጣል። የኛ ቡሽ ጣሪያ መምታቱ የሚያስቅ ነገር ነበር፤ በዚህ ስፍራ ግን የሚያስቅ የለም።

መፍትሔው የሙቀቱን መጠን ትቶ የሙቀቱን ምንጭ ዲግሪ መወሰን ሆነ። ደሙ የሚነካው ግድግዳ ከ40 ወይም ከ41 ዲግሪ እንዳያልፍ በቴርሞስታት ቢጠበቅ፣ ደሙ ቢቆምም ከግድግዳው በላይ ሊሞቅ አይችልም። ቢፈጥን ግን ብዙ ሙቀት ይጎትታል፤ ቴርሞስታቱም ግድግዳው መቀዝቀዙን አይቶ ዥረቱን ይጨምራል። ስለዚህ ፈሳሹ ራሱ የሚፈልገውን ያህል ይወስዳል። የዚህ ዋጋ የቱቦው ርዝመት ነው። ግድግዳው 40፣ ደሙ 4 ዲግሪ ቢሆን የሚለያያቸው 36 ነው። ቱቦው በአንድ ሜትር ይኽን ልዩነት በግማሽ የሚቀንስ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ሜትር በኋላ ልዩነቱ 18፣ ከሁለተኛው በኋላ 9፣ ከሦስተኛው በኋላ 4.5፣ ከአራተኛው በኋላ 2.25 ይሆናል። ይኸውም ደሙ በ22፣ በ31፣ በ35.5 በኩል አልፎ በአራት ሜትር ወደ 38 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። የመጀመሪያው ሜትር 18 ዲግሪ ሲሰጥ የመጨረሻው የሚሰጠው ከ3 ያነሰ ነው። ደሙ በእጥፍ ቢፈጥን ደግሞ ለዚያው ሙቀት እጥፍ ያህል ርዝመት ያስፈልጋል። ይኽን ርዝመት በጠባብ ስፍራ ለማግኘት ነው መሣሪያ ሠሪዎች ቱቦውን የጠመዘዙት፣ ደሙን በሁለት የሞቁ የብረት ሳሕኖች መካከል እንደ እባብ ያስኬዱት፣ ወይም ቱቦውን በሌላ ቱቦ ውስጥ አስገብተው የሞቀ ውኃ በተቃራኒው አቅጣጫ ያስፈሰሱት።

አቋራጭ የፈለጉም ነበሩ። ወጥ በሚያሞቀው በማይክሮዌቭ ደምን በፍጥነት ለማሞቅ ተሞክሮ፣ በ1971 በሕክምና መጽሔቶች ላይ በዚህ ዐይነት የሞቀ ደም ሕዋሳቱ እንደ ፈነዱ ተጻፈ። ማይክሮዌቭ ሁሉን ቦታ እኩል አያሞቅም፤ ጠርሙሱ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ሆኖ፣ በውስጡ አንድ ጥግ ላይ ያለው ደም ከልክ በላይ ግሎ ይገኛል። ሌላውም ችግር የግድግዳው ነው። ሙቀት ቶሎ እንዲያልፍ ግድግዳው ቀጭንና ሙቀት አሳላፊ መሆን አለበት፤ ለዚህም አሉሚኒየም ከፕላስቲክ እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን በ2019 ልባስ የሌለው የአሉሚኒየም ገጹ ፈሳሹን በቀጥታ የሚነካ አንድ ዐይነት ማሞቂያ፣ አሉሚኒየሙ ወደ ፈሳሹ እየሟሟ ስለ ተገኘ ከገበያ እንዲመለስ ተደርጓል። መሐንዲሱ አሉሚኒየሙን የመረጠው ሙቀቱን ብሎ ነው፤ የሚያልፍበት ፈሳሽ ግን ሙቀቱን ብቻ ይዞ አልሄደም። ከባርንስ እስከዚያ መሣሪያ ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ነው፤ ሆኖም በግድግዳው በዚህ ወገንና በዚያ ወገን ስላለው ነገር የሚጠየቀው ጥያቄ ገና አላለቀም።

ለኤግዚቢሽኑ ያቀረብነው ሦስተኛው መሣሪያ ራቁት ሽቦ የለውም። ሽቦው በቀጭን የመዳብ ቱቦ ላይ፣ በመካከሉ ሙቀት የሚችል መከላከያ ተደርጎለት ተጠምጥሟል፤ ውኃው በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ግድግዳው 45 ዲግሪ ሲደርስ ዥረቱን የሚያቋርጥ ቴርሞስታትም ከተሰበረ የካውያ ዕቃ አውጥተን ገጥመንበታል፤ ዲግሪውን ለማስተካከል ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል። አንድ ጉድለት አሁንም አለበት። ቴርሞስታቱ የተቀመጠው በመውጫው በኩል ስለሆነ በመግቢያው አጠገብ አረፋ ቢቆም አያውቅም፤ ሌላ ሁለተኛ ለመጨመር የተበላሸ ካውያ እየፈለግን ነው። ወላጆቻችን ሊያዩ ሲመጡ፣ መክፈቻውን እንደ ልባቸው እየከፈቱና እየዘጉ ከመውጫው የሚወርደውን ውኃ በጣታቸው እንዲሞክሩት እንጋብዛለን። ቡሹንም ከመሣሪያው አጠገብ በክር አንጠልጥለነዋል።